ኦቨርክሎክ ተደርጎ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር፦ ድሬ ላይ ሆነህ እንዴት ትመልሰዋለህ?

የራሴን ጉድ ላስቀድም። ባለፈው ግንቦት ነው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ። ከዚራ ያለው ቤታችን ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ ኮምፒውተሬ ላይ ተጥጄ ነበር። ፕሮሰሰሩ (ዋናው የሚያስበው ቺፕ) ራይዘን 5 3600 ነው፣ ቢ450 ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ የተቀመጠ፣ እንከን የማይወጣለት ዕቃ። ግን ሰው ባለው አይረካም፤ እስቲ ትንሽ ልግፋው፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ላሩጠው (ኦቨርክሎክ የሚሉት ይሄንን ነው) ብዬ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት የማሽኑ ቁጥሮች የሚስተካከሉበት ገጽ ገባሁ። ሁሉንም ኮር 4.3 ጊጋኸርዝ አደረግኩት፣ ቮልቴጁን 1.35 ላይ ቆለፍኩት፣ እዚያው እያለሁ ፍጥነቱ 3200 የነበረውን ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ወደ 3600 ሰቀልኩት። ሦስት ነገር ባንዴ። ኤፍ10 ተጫንኩ፣ ሴቭ አልኩ፣ ጠበቅኩ።

ፋኑ ዞረ። መብራቱ በራ። ስክሪኑ ግን ድፍን ጥቁር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ነው የባሰው። ስልኬ ላይ አንብቤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ጃምፐር፣ ፒኖች ላይ የምትሰካ ትንሽ የፕላስቲክ ኮፍያ ናት፣ ነካካሁ፤ ኮፍያዋን ከአንዱ ቦታ ነቅዬ ሌላው ላይ ሰካኋት፤ ከዚያ ቁልፉን ስጫን ጭራሽ ፋኑም አልዞር አለ። በቃ ገደልኩት አልኩ። ሲነጋ ኬዙን እንደ ሕፃን ታቅፌ በባጃጅ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ክዳኑን ከፈተ፣ በስልኩ መብራት ትንሽ ፈለገ፣ ያቺኑ የፕላስቲክ ኮፍያ በጥፍሩ ነቅሎ ቦታዋ መለሳት። ተጫነው። ተነሳ። «አቦ፣ ይቺን ሳትመልሳት ነው እኮ» አለና ሳቀብኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ ለባጃጁ ከከፈልኩት ያንሳል።

ይሄን የምጽፈው አንተም ባጃጅ እንዳትሳፈር ነው።

መጀመሪያ ይሄን እወቅ። ኦቨርክሎክ አድርገኸው ያልነሳ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። ባዮስ ውስጥ የጻፍከው ቁጥር ተቀምጧል፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ያንኑ ቁጥር ያነብባል፣ ሊሮጥበት ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ይቆማል። ስለዚህ ቁልፉን መቶ ጊዜ ብትጫነው መቶ ጊዜ እዚያው ነው የሚቆመው። ሥራህ አንድ ነው፤ ያንን ቁጥር እንዲረሳው ማድረግ። ፕሮሰሰር ግዛ፣ ማዘርቦርድ ቀይር የሚልህን ሰው ለጊዜው አትስማው።

«አልነሳም» ስትል ምን ማለትህ ነው?

ሰው ሁሉ «አልነሳም አለ» ይላል፣ ግን ሦስት የተለያየ በሽታ ነው። አንደኛው ጭራሽ ድምፅ የለውም፣ ፋን አይዞርም፣ መብራት አይበራም። ሁለተኛው ፋኑ ይዞራል ስክሪኑ ግን ባዶ ነው፣ ወይም ትንሽ ዞሮ ይጠፋና ራሱ እንደገና ይነሳል። ሦስተኛው የማዘርቦርዱ ምልክት ይመጣል፣ ዊንዶውስ ሊከፍት ሲል ይጠፋል ወይም ሰማያዊ ስክሪን ያሳይሃል። ከኦቨርክሎክ በኋላ በብዛት የሚያጋጥመው ሁለተኛው ነው፣ እኔም ጊዜዬን የማጠፋው እሱ ላይ ነው። ሦስተኛው ከሆነብህ ደግሞ ዕድለኛ ነህ፤ ባዮስ ይገባልሃል ማለት ነው። ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 እየደጋገምክ ተጫን፣ ገብተህ ሴቲንጉን ወደ ዲፎልት፣ ማለትም ፋብሪካው ወዳወጣው ቁጥር መልስ፣ ሴቭ አድርገህ ውጣ። ለአብዛኛው ሰው ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ምንም ሳትነካ ጠብቅ

ይሄ ቀልድ አይደለም። ራሙን ነክተህ ከሆነ ማዘርቦርዱ አዲሱን ፍጥነት ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ይነሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፣ አንተ ተበላሸ ትላለህ፣ እሱ ግን እየሞከረ ነው። ዲዲአር5 ራም ባላቸው አዳዲሶቹ ላይ ጥቁሩ ስክሪን ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ብዙ ማዘርቦርዶች ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው ካቃታቸው በራሳቸው ወደ ድሮው ቁጥር ተመልሰው «ኦቨርክሎኩ አልተሳካም» የሚል መልእክት ያወጣሉ። መሃል ላይ ቁልፉን እየተጫንክ ካቋረጥከው ያንን ዕድል ነፈግከው ማለት ነው። ሻይህን አፍላ፣ አስር ደቂቃ ስጠው።

አስር ደቂቃ አልፎም ጥቁር ከሆነ ቁልፉን አምስት ሰከንድ ይዘህ አጥፋው። ከኋላ የፓወር ሰፕላዩን ማብሪያ ማጥፊያ ዝጋ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀል። ከዚያ ገመዱ ተነቅሎ እያለ የመነሻ ቁልፉን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ተጭነህ ያዝ። ውስጡ የቀረችው ኤሌክትሪክ ትወጣለች፤ አንዳንዴ ፋኑ ለአፍታ እልል ብሎ ሲቆም ታየዋለህ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ስካና ሞክር። ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለመከላከል ቆልፎ ከሆነ በዚህ ይከፈታል።

ሲሞስን ማጽዳት፦ ዋናው መድኃኒት

እስካሁን ካልሠራ ወደ ቁም ነገሩ ገባን። ሲሞስ ማለት ባዮስ ውስጥ የጻፍከው ቁጥር የሚቀመጥበት ማስታወሻ ነው። ካቻቢቴ ያዝ፣ የኬዙን የግራ ክዳን ፍታ። ገመዱ ከሶኬት መነቀሉን ድጋሚ አረጋግጥ፤ መብራት ሄዷል ብለህ ሰክተኸው እንዳትቀመጥ፣ የሄደው መቼ እንደሚመጣ አታውቅም። እጅህን የኬዙ ብረት ላይ አሳርፍ፣ ከሰውነትህ ያለው ስታቲክ ይውረድ። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለህ አትሥራ፣ ጠረጴዛ ላይ አውጣው።

ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ አለች። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። መብራት ባይኖርም ሰዓቱንና ሴቲንጉን የምትጠብቀው እሷ ናት። ካላየሃት ከግራፊክስ ካርዱ ሥር ተደብቃ ነው፤ ካርዱን አውጣ፣ ግን ከማውጣትህ በፊት የስሎቱ (ካርዱ የሚሰካበት ቦታ) ጫፍ ላይ ያለችውን መቆለፊያ መጫን አትርሳ፣ ብዙ ሰው በጉልበት ስቦ የሰበረው እሷን ነው። ባትሪዋን ለማውጣት በጎን ያለችውን ትንሽ የብረት ምላስ በጥፍርህ ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጋት ብድግ ትላለች። ከታች እየቆፈርክ አትንቀላት።

አምስት ደቂቃ አስቀምጣት። አስር ብታደርገው አይከፋም። ባትሪዋ በሌለችበት የመነሻ ቁልፉን ደግመህ ተጭነህ ያዝ። ከዚያ የፕላስ ምልክቱ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርገህ መልሳት።

ባትሪ ማውጣት ሁልጊዜ አይበቃም። አንዳንድ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ሴቲንጉን ባትሪ በማይፈልግ ቺፕ ላይ ስለሚያስቀምጡ ባትሪዋን አንድ ቀን ብታወጣት እንኳን ላይረሱ ይችላሉ። ያኔ ጃምፐሯ ናት የምታድንህ። ከባትሪዋ አካባቢ ወይም ከማዘርቦርዱ የታችኛው ጠርዝ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ፒኖች ፈልግ፤ ከጎናቸው በጥቃቅን የእንግሊዝኛ ፊደል «ክሊር ሲሞስ»፣ «ሲኤልአርቲሲ» ወይም «ጄባት» የሚል ነገር ተጽፏል። ፊደሉ ጉንዳን የሚያህል ስለሆነ በስልክህ ፎቶ አንሳና አጉልተህ አንብበው። ካጣኸው የማዘርቦርዱን ሞዴል ስም ጽፈህ ማንዋሉን ከኩባንያው ገጽ አውርድ፣ ነፃ ነው።

ሁለት ፒን ከሆነ ቀላል ነው። ገመድ ተነቅሎ፣ በካቻቢቴ ጫፍ ሁለቱን ፒኖች አንድ ላይ ንካቸውና እስከ አስር ቁጠር። በቃ። ሦስት ፒን ከሆነ ኮፍያዋ አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ትቀመጣለች፤ ነቅለህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ስካት፣ አስር ቁጠር፣ ከዚያ መልሳት። መልሳት! እኔን ያዋረደችኝ እሷ ናት። ኮፍያዋ ማጽጃው ላይ ከቀረች አንዳንድ ማዘርቦርድ ጭራሽ አይነሳም፣ አንተ ደግሞ የባሰ ያበላሸኸው ይመስልሃል። እናቴ ያን ሌሊት በር ላይ ቆማ «አሁንም አልሞተልህም?» ስትለኝ እኔ የምቆጥረው ያጠፋሁትን ገንዘብ ነበር፣ ኮፍያዋ ትዝም አላለችኝ።

ውድ የሆኑት ማዘርቦርዶች ከኋላ፣ ዩኤስቢው ከሚሰካበት ጎን፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራች ቁልፍ አላቸው። ካለህ ክዳኑን መፍታትም አያስፈልግህም።

አንድ ነገር ልጨምር ስለ ባትሪዋ። ኮምፒውተርህ አራት አምስት ዓመት ካለፈው፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ እግረ መንገድህን አዲስ ግዛላት። ቴስተር ካለህ ለካው፤ 3 ቮልት አካባቢ መሆን አለባት፣ ከ2.7 ከወረደች ጣላት። ስትገዛ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስለካ፤ እኔ አንዴ ከነማሸጊያዋ የገዛኋት አዲስ ባትሪ 2.5 ወጥታብኛለች። ደግሞ በቀትር አትውጣ፣ ከምሳ በኋላ ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው፣ ፀሐይ በረድ ስትል ሂድ። ከጨነቀህ የዲጂታል ሚዛን ወይም የመኪና ሪሞት ውስጥ ያለችው ብዙ ጊዜ ያቺው ሲአር 2032 ናት፣ ለሙከራ መበደር ይቻላል።

አጽድተህም ካልተነሳ

ትንንሾቹን መብራቶች እያቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ጠርዛቸው ላይ አራት ትንንሽ መብራቶች አሏቸው፤ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስ ካርድና ለዲስክ። ሲነሳ ተራ በተራ ይበራሉ፣ አንዱ ላይ ከቆመ ችግሩ እዚያ ነው። መብራት ከሌለው የጩኸት ድምፅ ሊኖረው ይችላል፣ ግን ትርጉሙ ከባዮስ ባዮስ ስለሚለያይ ማንዋሉን ሳታይ ከሰው በሰማኸው አትፍረድ።

የራሙ መብራት ላይ ከቆመ፣ ወይም ምንም መብራት ከሌለህ፣ በራም ጀምር። ሁሉንም አውጣ። አንዱን ብቻ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ስሎት ላይ ስካ፣ አራት ስሎት ባላቸው አብዛኞቹ ላይ ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው። ቀጭ እስኪል ግፋው፣ አትፍራው። ካልተነሳ ሌላኛውን ራም እዚያው ስሎት ላይ ሞክር። ካልሆነ ስሎት ቀይር። የራሙ ወርቃማ ጥርሶች ከጠቆሩ በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለህ ጥረጋቸውና ፍርፋሪውን አራግፍ። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋሱ አሸዋውን ሲያነሳው ድሬ ውስጥ አቧራ የማይገባበት ቀዳዳ የለም፣ የራም ስሎትም አይቀርለትም። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረገው። በአፍህ እፍ አትበል፣ ምራቅ ነው የምታስገባበት።

ቀጥሎ የሞኝ የምትመስል ግን ብዙ ሰው ያቃጠለች ነገር። ባትሪዋን ለማውጣት ግራፊክስ ካርዱን አወጣህ፣ ከዚያ ሳትመልሰው የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካህ፣ ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። እንደኔ ራይዘን 5 3600 ያለ ፕሮሰሰር፣ ወይም ስማቸው «ኤፍ» ላይ የሚያልቀው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም። ካርዱ ከሌለ ምስል የለም። ኮምፒውተሩ ድኖ አንተ እንደታመመ ታየዋለህ። ካርዱን መልስ፣ የራሱን የፓወር ገመድ ስካለት፣ የስክሪኑን ገመድ ካርዱ ላይ አድርግ።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ነገሩ ሌላ ነው። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ ከላይ በግራ ጥግ፣ ስምንት ቀዳዳ ያለው የፓወር ገመድ በደንብ መሰካቱን እይ፣ ክዳን ስትከፍት ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። የኬዙ የመነሻ ቁልፍ ወደ ማዘርቦርዱ የምትሄድ ቀጭን ሽቦ አላት፣ እሷም በቀላሉ ትነቀላለች፤ ከተጠራጠርክ ሽቦዋን አውጥተህ ሁለቱን የፓወር ፒኖች በካቻቢቴ ለአንድ ሰከንድ አነካካ፣ ከተነሳ ጥፋቱ የቁልፉ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ለመሞከር ከማዘርቦርዱ ሁሉንም ነቅለህ፣ ትልቁ ሶኬት ላይ አረንጓዴውን ሽቦና አንዱን ጥቁር በወረቀት መያዣ ሽቦ አገናኝ፣ ከዚያ የግድግዳው ሶኬት ላይ ስካው። ፋኑ ከዞረ ቢያንስ ይነሳል። ቴስተር ካለህ ቢጫና ጥቁሩ መሃል 12 ቮልት ለካ፤ ከ11.4 በታች ወይም ከ12.6 በላይ ከሆነ ኦቨርክሎክን እርሳው፣ ፓወር ሰፕላይ ቀይር። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትፍታ። ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰው የሚጎዳ ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ።

ፕሮሰሰሩን ማውጣት የመጨረሻው ነው። እኔ በበኩሌ የሚቃጠል ሽታ ካልሸተተኝ ወይም ማዘርቦርዱ ላይ ያበጠ ነገር ካላየሁ አልነካውም። በተለይ ኤኤም4 የሚባል ሶኬት (የፕሮሰሰር መቀመጫ) ያላቸው ራይዘኖች ላይ ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርገህ ከሳብከው፣ በመሃላቸው የደረቀው ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ፕሮሰሰሩን ሙጥኝ ብሎ ከነፒኖቹ ከሶኬቱ ይዞት ይወጣል። ፒን ይጣመማል። የግድ ከሆነብህ ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ ቀስ ብለህ እያወዛወዝክ አላቀው። ሽታ ካለ ደግሞ እዚህ ድረስ አትምጣ፣ ባለሙያ ጋ ውሰደው።

ተነሳ። አሁንስ?

አትሩጥ። ሲሞስ ስታጸዳ ሴቲንጉ ሁሉ ነው የጠፋው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ካላስተካከልከው ብሮውዘር ስትከፍት ገጹ ሁሉ «ግንኙነትህ አስተማማኝ አይደለም» ይልሃል፣ ኢንተርኔቱን ትረግማለህ፣ ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ነው። ዊንዶውስ አልከፍት ካለህም ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። የዲስኩ ሞድ ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ወይም በተቃራኒው ተቀይሮ ይሆናል፣ ወይም በድሮው መንገድ የተጫነ ዊንዶውስ ከሆነ ሲኤስኤም የሚባለው ጠፍቶበት ይሆናል። ባዮስ ገብተህ እነዚህን ወደ ድሮው መልስ። ፎርማት አድርገው የሚልህ ሰው ካለ እነዚህን ማየቱን ጠይቀው። ዲስክህ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅህ ይችላል፣ እሱን ቀድመህ ስልክህ ላይ ብታስቀምጠው ደግ ነው።

ዊንዶውስ ደርሶ የሚጠቁር ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ምናልባት የግራፊክስ ካርዱ ኦቨርክሎክ ነው። ያ ባዮስ ውስጥ የለም፣ ዊንዶውስ ላይ በጫንከው ፕሮግራም ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ሲሞስ ብታጸዳም አይጠፋም። ዊንዶውስ ሊከፍት ሲል ሁለት ሦስት ጊዜ ቁልፉን ይዘህ አጥፋው፣ የጥገና ገጹ ይመጣል፤ ከዚያ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ የሆነውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ገብተህ ያንን ፕሮግራም አጥፋው።

ለምንድነው ዩቲዩብ ላይ የሠራው እዚህ የማይሠራው?

ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው የተቀመጠው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል። ፋን አየሩን አያቀዘቅዝም፣ ያለውን አየር ነው የሚገፋው። ክፍሉ 13 ዲግሪ ከሞቀ ፕሮሰሰሩም 13 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። እሱ 78 ላይ የጨረሰውን ሙከራ አንተ 91 ላይ ነህ። ራይዘን 5 3600 ደግሞ ገደቡ 95 ነው። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛህ የላከልህ ሴቲንግም ያው ነው፣ የሱ ቤት ሹራብ ያስለብሳል።

ቮልቴጅ የባሰ ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ፍጥነቱ በጨመረ ልክ ይጨምራል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። 1.2 የነበረውን 1.35 ብታደርገው፣ ፍጥነቱን ሳትነካ፣ የሚበላው ኃይል በ27 በመቶ ገደማ ያድጋል፣ ሙቀት ሆኖ የሚወጣውም ያ ነው። ላዩ ላይ ፍጥነት ስትጨምርበት ከካርቶኑ ጋር የመጣችው ትንሽ ፋን ምን ታድርግ?

ልብ በል፣ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚመጣው ጥቁር ስክሪን ብዙ ጊዜ በሙቀት አይደለም፣ ፍጥነቱና ቮልቴጁ ስላልተጣጣሙ ነው። ሙቀት የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ሳቢያን ሰፈር አንድ ጎረምሳ ኮር አይ7 4790ኬ የሚባል ፕሮሰሰር አለው፣ 4.6 ጊጋኸርዝ አድርጎት «ማታ ይነሳል፣ ቀን አይነሳም» አለኝ። ጂኒ አለበት ብሎ ሊያሳምነኝ ደርሶ ነበር። ሄጄ ሳየው ቀንም ይነሳል፣ ዊንዶውስ ሲጭን ነው የሚጠፋው። ማቀዝቀዣው ላይ ያለችውን ፋን ፈታን፤ ከሥሯ አቧራው ተደርቦ ተደርቦ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል፣ በጣቴ ይዤ አንድ ላይ ገፈፍኩት። ቴርማል ፔስቱ እንደ ጠመኔ ደርቆ ሲነኩት ይፈረፈራል። አጸዳነው፣ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሃሉ ላይ አደረግንለት፣ ፍጥነቱን ወደ 4.4 መለስነው። ጂኒው ለቀቀ።

እንደገና ልሞክር ካልክ

ካልክ ምን እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ ቀይር። መጀመሪያ ራሙን ባለበት ተወው፣ ፕሮሰሰሩን በ100 ሜጋኸርዝ ብቻ ጨምር፣ ዊንዶውስ ከፍተህ ሲኒቤንች በሚባለው የመፈተኛ ፕሮግራም ግማሽ ሰዓት አስጨንቀው፣ ሙቀቱን ኤችደብልዩኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ተከታተል። ካለፈ ሌላ 100። ሲወድቅ አንድ እርምጃ ተመለስና ተወው። ቮልቴጅ መጨመር ካለብህ በ0.01 ወይም በ0.02 ነው፣ እንደኔ ዘለህ 1.35 አትግባ። ራሙን ከዚያ በኋላ ለብቻው፤ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ሴቲንግ) አብራለትና ሜምቴስት በሚባለው የራም መፈተኛ አሳድረህ ሞክር። ዲዲአር4 ራም ያለ ኤክስኤምፒ 1.2 ቮልት ነው፣ በኤክስኤምፒ በብዛት 1.35 ይሆናል፣ ከዚያ በላይ እኔ አልሄድም።

መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆንክ ባዮስ ላይ ስትሠራ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ሁን። በተለይ ባዮሱን ራሱን አፕዴት እያደረግክ መብራት ከሄደ ያኔ ኮፍያዋም አታድንህም፤ ከፍላሽ መልሶ የሚጭን ቁልፍ ያለው ማዘርቦርድ ካልሆነ በቀር ባለሙያ ያስፈልግሃል።

ሙከራህን ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አድርገው። ሰው ሁሉ ማታ በረድ ሲል ይሞክርና ያልፍለታል፣ በማግስቱ ቀትር ላይ ይወድቅበታል። ግንቦት ላይ፣ ቬንትሌተሩ የሞቀ አየር እያዞረ፣ በ8 ሰዓት ያለፈ ሴቲንግ ዓመቱን ሙሉ ያልፋል።

እኔ? ተውኩት። ራይዘን በራሱ እስከ 4.2 ይወጣል፣ በሱ ላይ የምጨምርለት 100 ሜጋኸርዝ ጨዋታ ላይ አይታየኝም። እንዲያውም ቮልቴጁን በ0.05 ቀነስኩለት፣ ሙቀቱ ወረደ፣ የፋኑ ጩኸት ቀነሰ፣ እናቴም በሰላም ትተኛለች። የኬዙ ክዳን ውስጠኛ ጎን ላይ አንድ ወረቀት በፕላስተር ለጥፌያለሁ፤ የዲፎልቱ ቁጥሮች፣ የባትሪዋ ስም፣ ራሙ የሚገባበት ስሎት። ከሁሉም በታች በቀይ እስክሪፕቶ «ኮፍያዋን መልስ» ይላል።